የሚያፏጭ ቦምብ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ። በምላሴ የምምለው ደግሞ በዋዛ አይደለም፤ መተዳደሪያዬ ነው። በታላቁ ዳይሬክተራችን ፊልሞች ውስጥ የተተኮሰው ጥይት ሁሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። ሽጉጥ ሆኛለሁ፣ መትረየስ ሆኛለሁ፣ አንድ ጊዜ ታንክም ሆኜ ሦስት ቀን ድምፄ ተዘግቶ በምልክት ነው ያወራሁት።

“ታላቁ” ያልኩት ቁመቱን ነው።

ሰባት ፊልም ሠርቷል። በሰባቱም መኪና መኪናን ያሳድዳል፤ በሰባቱም መኪናው የሚሄደው ቁልቁል ብቻ ነው፣ ሞተር የለውማ። ያለን ደግሞ አንድ መኪና ነው። መጀመሪያ ወንበዴው ይወርድበታል፤ ከዚያ ገፍተን ዳገቱን እናወጣውና፣ ኮፍያ ተቀይሮ ፖሊሱ ይወርድበታል። እኛ ላባችን ጠብ ሲል እሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ “ይሄ ነው አክሽን!” ይላል። ሦስተኛው ፊልም መሀል ላይ ዋናው ተዋናይ አግብቶ ጠፋ። ዳይሬክተራችን ምን ቸገረው! ጀግናው በቀዶ ጥገና ፊቱን ቀየረ አለና፣ በአንድ ክንድ የሚያጥር ሰው አመጣ።

“ቀዶ ጥገና ቁመት ይቀንሳል እንዴ?” ብለው፣

“ጥሩ ሐኪም ካገኘ” አለኝ።

ሰባቱም ፊልሞች አራተኛ ቀናቸውን ሳያዩ ከአዳራሽ ወረዱ።

ሚስቱ የአንድ ሆስፒታል ንብረት ክፍል ኃላፊ ናት። ከመርፌ እስከ አልጋ ቆጥራ የምትረከብ፣ ቆጥራ የምታስረክብ ሴት። ስምንተኛውን ሲጀምር እኔ ባለሁበት ቁርጡን ነገረችው።

“ስማኝ፣ ይሄ ደግሞ አራተኛ ቀን ካላየ፣ ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ሱቅ ትገባለህ።”

“እናቴ ትሙት፣ እገባለሁ!” አለ። እናቱን እንዴት እንደሚወድ ስለማውቅ ደነገጥኩ። የሚስቱ ወንድም የሽንት ቤት መቀመጫ ነጋዴ ነው። ለአማቹ ከወዲሁ መቀመጫ አዘጋጅቶለታል፤ እሱም ከሚሸጠው ዕቃ አንዱ ነው።

ለስምንተኛው ፊልም ከተማ የሚያጠፋ ቦምብ አስፈለገ። ዳይሬክተሩ በማግስቱ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር በከረጢት ይዞ መጣ። ቀይና ሰማያዊ ሽቦ ተጠምጥሞበታል፣ ግንባሩ ላይ የግድግዳ ሰዓት ተለጥፎበታል።

“ከየት አመጣኸው?”

“አንተ ማፏጨትህን ተለማመድ” አለኝ።

ፊልሙ አዳራሽ የገባበት የመጀመሪያው ቀን ሐሙስ ነበር። ሚስቱ ፊት ወንበር ላይ፣ ወንድሟ የሱቁን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ አጠገቧ፣ ጎረቤታቸው ደግሞ ከኋላዋ ተቀመጡ። ሁለቱ ሴቶች ከተኮራረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ወንበዴው ሻንጣውን ከፈተ፤ ቦምቡ ስክሪኑን ሞልቶ ማፏጨት ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። በስምንት ፊልም ሰው ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ነው። ዳይሬክተሩ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ “ያዛቸው፣ ያዛቸው!” ይለኛል።

“ድስቴ!” የሚል ጩኸት ተሰማ።

ሚስቱ ከወንበሯ ተነሥታለች።

“ምን አልሽ?” አለች ጎረቤቷ።

“በእንፋሎት የሚያፏጨው ድስቴ ነው! እጀታው ጋ የተቃጠለችው ምልክት ያቻትና!”

“ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌባ ስትዪኝ ከርመሽ!”

“እኅቴ፣ በእግርሽ ወድቄአለሁ ይቅር በዪኝ፤ ሌባው ለካ አጠገቤ ነው የሚተኛው!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ እንደሆነ አንዴ ቆጠራ ጀምራለች፣ ማን ያስቆማታል? የወንበዴው ካባ ሲመጣ “መጋረጃዬ!” አለች። ጀግናው ጥይት መከላከያ ሲለብስ “የሶፋዬ ትራስ!” ከፎቅ በገመድ ሲወርድ ደግሞ “የልብስ ማስጫዬ! ቀስ በል አንተ፣ ይበጠስብኛል!”

ሰዉም ገባበት። “እትዬ፣ ወንበሩስ የማን ነው?” ይላል አንዱ ከኋላ።

“እሱን አላውቀውም።”

“ቦምቡ ላይ ያለው ሰዓትስ?”

“ሰዓቱ አማቴ የሰጡኝ ስጦታ ነው፤ ይፈንዳ!”

“ይፈንዳ! ይፈንዳ!” አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ጀግናችን በመጨረሻዋ ሴኮንድ ሽቦውን ቆርጦ ከተማዋን ሲያድናት፣ ሰው ሁሉ አዘነ።

ዳይሬክተሩ ወንበር ሥር ገብቶ ነበር። “አዋረደችኝ” አለ።

“አንድም ሰው አልወጣም እኮ” አልኩት።

ዓርብ መግቢያው ላይ ሰልፉ ጥግ ዞረ። ሁሉም የሚጠይቀው “ሴትዮዋ አለች?” ብሎ ነው። አለች፤ ጎረቤቷን አስከትላ መጥታለች። ቅዳሜ ግን ዳይሬክተሩ ክብሩ ትዝ አለው። “ፊልሜ አክሽን ነው፣ ቀልድ አይደለም!” ብሎ ቤት አስቀራት። ቦምቡ ብቻውን አፏጨ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ሰው ወጣ። የአዳራሹ ባለቤት መጥቶ “ነገ ሴትዮዋ ካልመጣች አወርደዋለሁ” አለው። ነገ ማለት እሑድ ነው፤ አራተኛው ቀን። ከእሑድ ቀጥሎ ደግሞ ሰኞ እንደሚመጣ እኔ እንኳ በስድስተኛ ክፍል ትምህርቴ አውቃለሁ።

እሑድ ጠዋት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ያ ሁሉ ቁመቱ የት እንደገባ እንጃ። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሃን ታጥባለች።

“እባክሽ ነይልኝ።”

“መጥቼ ምን ልሁን?”

“ድስቴ በይ።”

“በቀስታ?”

ጉሮሮውን ጠረገ። “ጮክ ብለሽ።”

እጇን አድርቃ ጫማዋን አጠለቀች። የዚያን ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው መተላለፊያው ላይ ቆሟል። እሷ “ድስ…” ስትል የቀረውን ሕዝቡ ጨረሰላት። ወንድሟ ቁልፉን ቀስ አድርጎ ኪሱ ከተተ። ዳይሬክተሩም ሰኞ በጠዋት ተነሥቶ፣ ለሚስቱ እጀታው የሚያብረቀርቅ አዲስ ድስት ገዛላት።

እሺ፣ ምላሴን ገና ስለምፈልገው አንዷን ልናዘዝ። አዲስ ድስት ገዛላት ያልኩት ከራሴ ነው። ባለፈው ቤታቸው ለምሳ ጠርተውኝ አይቻለሁ፤ ያው የድሮው ድስት እሳት ላይ ተጥዶ ያፏጫል፣ ቀዩና ሰማያዊው ሽቦ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሏል። ልፈታላት እጄን ስሰድ ሴትዮዋ በማንኪያ መታችኝ።

“እንዳትነካው! የዘጠነኛው ፊልም ዕቃ ነው።”