የመንግሥት ፍሬን

ጠበቃው ያብስራ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሲገባ፣ የሟቹ የሱፊያን አሮጌ የሥራ ቡትስ ከለቀስተኛው ጫማ መሀል እንደተጋደመ ነበር። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ እሱን የሚነካው የለም።

ሱፊያን ኖርዝ ላስ ቬጋስ፣ የፌዴራል መንግሥት መጋዘን ውስጥ፣ ፍሬኑ የከዳው ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ተገልብጦበት ነው የሞተው። ሚስቱ ሀጅራ ስለ ካሣ አላነሳችም። አንድ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «ፍሬኑ እንደማይዝ እናውቅ ነበር» ሲል መስማት ነው የፈለገችው።

ያብስራ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ አስረዳ። የሥራ ደኅንነት ሕጉ የግል ካምፓኒን ይቀጣል፣ ከባሰም ይከሳል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲሆን ግን ጥፋቱን ጽፎ ግድግዳ ላይ ከማስለጠፍ አያልፍም።

«ታዲያ መቼ ነው የሚቀርቡት?» አለች ሀጅራ፣ ያልሰማች ይመስል።

«እትዬ ሀጅራ፣ መሥሪያ ቤቱ ፍርድ ቤት አይሄድም።»

ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ አጉረመረሙ። «እዚህ ንጉሥ የለም ብለውን ነበር እኮ።»

በሟቹ ታናሽ ወንድም በሚቅዳድ ጆሮ የቀረችው ግን «አይሄድም» የምትለዋ ናት። ሱፊያን የመንግሥት ሥራ በገባ ዓመት፣ ኢድ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት፣ «የሚቅዳድ ካምፓኒ ነገ ቢዘጋ የት ያገኘዋል? የኔ አሠሪ መንግሥት ነው፤ የትም አይሄድም» ብሎ አስቆበት ነበር። ሚቅዳድ አብሮ ሳቀ። ነገሩን ግን ጥርስ ውስጥ እንደቀረ ሥጋ ሲያላውሰው ኖረ። የሚሠሩባቸው መጋዘኖች በአጥር ተዋስነው ሳለ፣ አንድ ቀን ምሳ አብሮት አልበላም።

ኋላ ሱፊያን ራሱ ደወለለት። ፎርክሊፍቱ እየተንሸራተተ እንዳስቸገረው፣ አለቃውም «እናያለን» ከማለት እንዳላለፈ ነገረው። እናንተ ጋ እንዲህ ያለውን ምን ያደርጉታል ሲል ጠየቀው። እነ ሚቅዳድ ጋ ግን፣ ካምፓኒው ቅጣት ስለሚፈራ፣ ቀይ ምልክት ለጥፈው ያቆሙታል፤ ማንም አይነካውም። «አትንዳው፣ እምቢ በል» የሚለው መልስ አፉ ላይ ነበር። ያለው ግን ሌላ ነው።

«የመንግሥት ፍሬን ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

ሱፊያን «አይ ወንድሜ፤ ለካ አልረሳኸውም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከዱዓው በኋላ ለቀስተኛው ወጣ፤ በሩ ሥር ቡትሱ ብቻውን ቀረ። ደሴ ሳሉ፣ ታላቅ ሊወጣ ሲል ጫማውን ወደ ውጭ አዙሮ ማቅረብ የታናሽ ሥራ ነበር። ሚቅዳድ እዚህም መጥቶ አልተወውም ነበር፤ ከዚያ ኢድ ወዲህ ነው የተወው።

በርከክ አለ። ቡትሱን አቃንቶ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዞረው፤ እግር እንዳይዝም ክሩን ፈታለት።