ሙሉ ጣሳ

ፓንክ የሚባለውን ጩኸታም ሮክ የምትዘፍነው ዶሪን ማዙር በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ስሟ የሚነሳው በአንድ አልበም ነው። «ድገም» ይባላል። የሸክላው የፊተኛው ገጽ ስለ ቢራ ነው፤ የኋለኛው ገጽ ቢራ ስለማለቁ። ቡድኗ «እርጥቡ ምድር ቤት» የተባለው በዱዌይን ኖቫክ እናት ቤት የተነሳ ነው። እዚያ ታች ይለማመዱ ነበር፤ በረዶ በቀለጠ ቁጥር ውሃ ይገባል።

ከበሮ መቺው ዱዌይን ነው። እንደ ሌሎቹ በዱላው ቆጥሮ አያስጀምርም። አልበሙ ሲከፈት ዶሪን አንድ ቢራ በአንድ ትንፋሽ ትጨልጥና ጣሳውን ትጨፈልቃለች፤ ዱዌይን ያንን ድምፅ ሰምቶ ይገባል። መድረክ ላይም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖሩና ሕግ ሆኖ ቀረ። ሕግ አንወድም የሚሉ ሰዎች ያወጡት ሕግ ደግሞ አይጣል ነው።

አልበሙን በአንድ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት እንደገና ሊዘፍኑ በተሰናዱበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቤቱ ጓዳ፣ የኪራይ ጫማዎች በተደረደሩበት ቆመው ሳለ ዶሪን፣ «ዛሬ አልጠጣም» አለችው።

«ሆድሽን አሞሻል?»

«ትቻለሁ። ከፀደይ ጀምሮ።»

ዱዌይን ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠ። «ሙት በይኝ።»

«አንተ ምን አገባህ? ባልተው የምሞተው እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ እንዳለው።»

እህቷማ ዘፈኑንም አብረሽ ተይው ብላት ነበር። ዶሪን የተበላሸው ጉበቷ እንጂ ጉሮሮዋ እንዳልሆነ ነግራት ስልኩን ዘጋችባት። የፈለገችው ይኸው ነው፤ ጠብታ ሳትቀምስ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር መዝፈን። ዛሬ አንዴ ከቀመሰች ወይ ዘፈኑን፣ ወይ ራሷን እንደምታጣ ታውቃለች።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለ ዱዌይን። «ጣሳው ውስጥ ውሃ እንሞላለን። ማን ያውቃል?»

«እኔ።»

«ዶሪ፣ በናትሽ...»

«በቢራ ጣሳ ውሃ እየጠጣሁ ስለ ቢራ ልጩህ? እሱ ማስታወቂያ ነው፣ ፓንክ አይደለም።»

«ሳይጠጡ ስለ ቢራ መዝፈንስ ምን ይባላል? ያ ሁሉ ዘመን ውሸት ነበር ልትዪን ነው?»

«ውሸት ቢሆን ጉበቴ ደህና ነበር።»

ዱዌይን ዱላዎቹን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። «እንግዲያው ጠጥተሽ ካልጨፈለቅሽ አልጀምርም። ቁጭ ብዬ አይሻለሁ።»

«ተቀመጣ!»

ወጡ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አብዛኛው ጢሙ የሸበተ፣ የቆዳ ጃኬቱ አልቆለፍ ያለው፣ ግን ለብሶት የመጣ ሰው ነው። ጣሳውን ለዶሪን የማቀበል ክብር የስቱ ግራቦቭስኪ ነው፤ ዘወትር ከፊት የሚቆም፣ በአገሩ ልማድ በየዓርቡ የሚበላው የአሳ ጥብስ ሆዱ ላይ የሚነበብ ባለ መነጽር። ሁለት እጁን ዘርግቶ አቀበላት።

«ጨልጪ! ጨልጪ!» አለ ሰዉ።

ጣሳው ቀዝቅዞ አልቦታል። የዶሪን አፍ ምራቅ ሞላ። ይሄን አልጠበቀችም ነበር። ምራቋን ውጣ ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋች።

«አልጠጣም» አለች።

ሰዉ ፈነደቀ፤ ቀልድ መሰለው።

«ትቻለሁ አልኩ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ወተት አምጡላት!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ።

«ዶሪ፣ አታሳፍሪኝ» አለ ስቱ። «አንድ ብቻ።»

«ስቱ፣ እሁድ እሁድ ሶፋህ ላይ ተጋድመህ ስለ ኳስ ስትጮህ፣ ሮጠህ ታውቃለህ?»

«የለም...»

«እኔ እንኳ ተጫውቼ ነው የወጣሁት።» ወደ ሰዉ ዞረች። «የራሴን ድርሻ ጠጥቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው። ዘፈኑ ግን የእኔ ነው። ያልተስማማው፣ በሩ ያውላችሁ!»

የሄደ የለም። ያጨበጨበም የለም። ዘወር ብላ ዱዌይንን አየችው። ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እጁን አጣጥፎ፣ አልጀምርም በሚል ራሱን ወዘወዘ።

ዶሪን ጣሳውን ሳትከፍት መድረኩ ላይ አቆመችው። ከባዱን ጫማዋን አነሳችና ባላት ኃይል ወረደችበት።

ሙሉ ጣሳ እንደ ባዶ አይጨፈለቅም። ይፈነዳል። የፊተኛው ረድፍ ከግንባሩ እስከ ወገቡ ራሰ፤ የዱዌይንም እግር ከጌታው ቀድሞ በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ መታ። ፊቱ ላይ ከማንም የበለጠ ድንጋጤ ነበር፤ እጁ ግን ዱላዎቹን አንስቶ እግሩን ተከተለ። ጊታሩ ገባ። ዶሪን ጉሮሮዋን ከፍታ ለቀቀችው። እግሯ እያዳለጣት፣ የቢራው ሽታ አፍንጫዋ ሥር እያለ፣ የፊተኛውን ገጽ አንድ ቃል ሳትዘል ጨረሰችው። ወተት አምጡ ባዩም ከሁለተኛው ዘፈን ጀምሮ አብሮ ሲጮህ ነበር።

ትንፋሽ ሲወስዱ ዱዌይን ላቡን በክንዱ ጠረገ። «እኔ አልጀመርኩም» አላት። «እግሬ ነው።»

«በርታ በልልኝ።»

ስቱ ጢሙ እየተንጠባጠበ መጣና ሌላ ሙሉ ጣሳ መድረኩ ላይ፣ ከጫማዋ ፊት አቆመ። «ለኋለኛው ገጽ» አለ። «ብቻ ወደዚህ እንዳይረጭ፤ መነጽሬ...»

ዶሪን ጣሳውን በጫማዋ ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጋ፣ በደንብ ወደ እሱ አስጠጋችው።