የእህቴ ልጅ ብራኬቶችና የእኔ ዝምታ

የዓለምን ጥርስ ሐኪም ሁሉ አይቻለሁ ብል አላጋነንኩም፤ እንደዚች ሴትዮ ያለ እጅ ግን አላየሁም። ብትታዘዝ ለትንኝ መንጋጋ ታበጅላት ነበር።

የእህቴን ልጅ ይዤላት የሄድኩት ጠዋት ነው። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ለወጣቶች ኦርኬስትራ የጥሩምባ ፈተና አለባት። ጥርሷን ለማስተካከል ከተለጠፉላት ብራኬቶች የፊተኞቹ ሁለቱ ካሮት ስትገምጥ ተላቀው ሽቦው ላይ ተንጠልጥለዋል። ጥሩምባውን ከንፈሯ ላይ ባሳረፈች ቁጥር ይወጓታል።

ሐኪሟ ሽቦውን ፈታች፤ የድሮውን ማጣበቂያ ፋቀች፤ ከልጅቷ ከንፈር ሥር ጥጥ ወትፋ ጥርሱን በአየር አደረቀችው።

«አሁን ምራቅ ከነካው አይይዝም» አለች።

እኔ ደግሞ ልጅቷ እንዳትፈራ ብዬ፣ «በወጣትነቴ አውቶቡስ በጥርሴ ጎትቼ ዳገት ሳወጣ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ባዶውን ነው፣ ጋሼ?» አለች ሐኪሟ ዓይኗን ከጥርሱ ሳትነቅል።

«ምን ባዶውን፤ ቆመው የሚሄዱም ነበሩ።»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ከንፈሯ ተከደነ፤ ጥርሱ ረጠበ።

ሐኪሟ ጥጡን ቀይራ እንደገና አደረቀች። እኔም ዝም አልኩ፤ ብቻ አንድ ነገር ቀርታኝ ነበር።

«ሹፌሩም ተኝቶ ነበር» አልኩ።

ጥርሱ ዳግመኛ ረጠበ።

«ጋሼ» አለች ሐኪሟ ረጋ ብላ፣ «ይቺ ልጅ እንድትፈተን ነው ወይስ እንድትቀር የሚፈልጉት?»

የእህቴ ልጅ አፏ ጥጥ እንደ ሞላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ እኔን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ገበያ ሙሉ ሕዝብ በወሬ የማስቆም ሰውዬ፣ ድንጋይ የጎረስኩ መሰልኩ።

ያን ጊዜ ነው እጇን ያየሁት። የሩዝ ፍሬ የማታክል ብራኬት በመቆንጠጫ አንስታ ጥርሱ መሃል አሳረፈቻት፤ ጫን አድርጋ በጎን የተረፈውን ማጣበቂያ ጠረገች፤ ሰማያዊ ብርሃን አበራችበት። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ሽቦውን መልሳ ስታስር እኔ ገና ትንፋሼን አልለቀቅኩም።

«እስኪ ሞክሪው» አለቻት።

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ጥሩምባዋን አወጣች። ለስላሳና ረጅም ድምፅ ወጣ፤ መንገድ ላይ ያለ መኪና ሁሉ ቆመ። ቢያንስ አንድ ታክሲ ቆሟል። ፊቷን አላጨማደደችም።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ማውራት ይችላሉ» አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች።

«ቆይ፣ ትጨርስ» አልኳት።