የእንግዳ አልጋ

ሊሊሴ መኝታ ቤቷን ያሳመረችው ራሷ ልትተኛበት ነበር። ስህተቷም ይኸው ነው። ነቀምቴ ውስጥ ጥሩ አልጋ ለባለቤቱ ሲነጠፍ ማን አይቶ ያውቃል?

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። ሊሊሴ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ቀኑን ሙሉ ፊደል የሚጮኽ የሕፃን መዓት ጆሮዋን ሲበላት ይውላል። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ባሏ ጋሩማ አለ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ከሞተር ጩኸት በላይ መናገር ስለለመደ፣ ጨው አቀብይኝ ሲል እንኳ ጎረቤት ይሰማል። ሁለቱ የሚያድሩበት ክፍል መኝታ ቤት የሚባለው በስም ብቻ ነበር። አልጋው ሥር የጤፍ ጆንያ፣ ቁምሣጥኑ አናት ላይ የሻንጣ ክምር፣ በሩ ጀርባ ደግሞ ጋሩማ "ገዢ አለው" እያለ ከዓመት ዓመት የሚያሻግረው የጭስ ማውጫ ቱቦ ነበር። ገዢው እስካሁን አልመጣም።

አንድ ቀን ሊሊሴ በስልኳ አንዲት ሴት መኝታ ቤቷን ስታሳይ አየች። ግድግዳው አመድማ፣ መጋረጃው ወፍራም፣ መብራቱ ለስላሳ ቢጫ። ሴትዮዋ በሹክሹክታ፣ "መኝታ ቤት የነፍስ ማረፊያ ነው" አለች። ሊሊሴ አለቀሰች። ስለ ነፍሷ ማረፊያ የሚነግራት ሰው የምታገኘው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር፤ እዚያም የሚወራው ከሞት በኋላ ስላለው ነው። እሷ የፈለገችው የዛሬውን ነበር።

ሥራው ተጀመረ። መጋረጃውን የሰፋችላት ጎረቤቷ ብርቄ ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ፣ እሷ ነቀምቴ ገብታ ልብስ ሰፊ የሆነች። "አንቺዬ፣ ይሄ መጋረጃ ፀሐይም አያስገባ ወሬም አያስገባ" አለች ስትሰቅለው። ሶፋ ሠሪው የአልጋውን ራስጌ በከፋይ ለበጠው። ምንጣፉ ሲነጠፍ የእግር ኮቴ ጠፋ። ትራሶቹ ከትልቅ እስከ ትንሽ፣ ቤተሰብ ፎቶ ሊነሣ እንደተሰለፈ ተደረደሩ።

ከመኝታ ቤቱ የወጣው ሁሉ ግን ሳሎን ገባ። ያኛው ባማረ ቁጥር ይኸኛው መጋዘን ሆነ፤ ጋሩማ ሶፋው ላይ ለመድረስ የጤፍ ጆንያ መሻገር ነበረበት። "ቤታችን እኮ ተሰደደ!" ብሎ ጮኸ። ሊሊሴ አልሰማችውም። መጋረጃውን ዘግታ እየሞከረች ነበር።

አርብ ከሰዓት ሁሉ ነገር አለቀ። ሊሊሴ ገላዋን ታጠበች፣ አዲስ ቢጃማ ለበሰች፣ ቢጫውን መብራት አበራች። አንድ ጉልበቷን አልጋው ላይ እንዳሳረፈች የግቢው በር ተንኳኳ።

ኦቦ ተረፋ ነበሩ። የጋሩማ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቱ ሲሞት ጋሩማን ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ አገራቸው ኑኑ ቁምባ ውስጥ ያለ እሳቸው የሚታረቅ ሰው የለም። ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ መጥተዋል። እንግዳ ከመጣ አልጋው የእንግዳ ነው፤ ይህን የሚጠይቅም የሚያስረዳም የለም። ጋሩማ ከረጢታቸውን ተቀብሎ በቀጥታ መኝታ ቤት አስገባቸው።

ኦቦ ተረፋ ግድግዳውን አይተው ደነገጡ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ፣ አባ።"

"ታዲያ ግድግዳው ለምን አመድ ነሰነሰ?"

"ቀለም ነው፣ አባ። ልብ ያሳርፋል ይባላል።"

"ይሄ ሁሉ ትራስስ? ስንት ሰው ነው የሚተኛው?"

"ለጌጥ ነው።"

"ትራስ ለጌጥ!" አሉና ቁጭ አሉ። አልጋው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተቀበላቸው። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳይናገሩ መልሰው ዘጉት። ጋሩማ ከተወለደ ጀምሮ እኚህ ሰው የጀመሩትን ንግግር ሲያቋርጡ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰኞ ጥርሱ ተነቀለ። ማክሰኞ ኦቦ ተረፋ አልሄዱም፤ ድዱ ይድረቅ አሉ። ድዱ ሲደርቅ የወዲያኛው ጥርስ ይነቃነቅብኝ ጀመር አሉ። ሊሊሴና ጋሩማ ሳሎን መሬት ላይ፣ በጤፉና በጭስ ማውጫው መካከል ፍራሽ ዘርግተው ከረሙ። እንግዳ ሰንበት ሲል ባለቤት ይሆናል ያለ ሰው ኦቦ ተረፋን ያውቃቸው ይሆን? "መቼ ነው የሚሄዱት?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ በጋሩማ ዘር እናትን ከመስደብ ይብሳል። ጋሩማ ያሳደጉትን ሰው እንዲህ ከሚል ምላሱን ቢነቅሉት ይመርጣል።

ሊሊሴ ብዙ አልፈለገችም። አንድ ሌሊት ብቻ፣ በገዛ አልጋዋ፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ። ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር።

በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ኦቦ ተረፋን ፍለጋ ከኑኑ ቁምባ መጡ። ሳሎኑ መቀመጫ የለውም፤ ስለዚህ መኝታ ቤት ገቡ። ሽማግሌው ትራሶቹን ተደግፈው፣ "ጫማ አውልቁ" አሉ። ታላቅየው በቁጣ ጀመረ፤ መጋረጃውና ምንጣፉ ግን ድምፁን ዋጡት። የጮኸ መስሎት የተሰማው ሹክሹክታ ነው። አፈረ። ታናሽየውም በሹክሹክታ መለሰለት። በሹክሹክታ ደግሞ ማን ተጣልቶ ያውቃል? ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቃቅፈው ተላቀሱ።

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በውርስ የተጣላ፣ በበሬ የተካሰሰ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችበት ሁሉ ወደ ሊሊሴ መኝታ ቤት ጎረፈ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯ ላይ የማታውቀው ሰው ጫማ ተደርድሮ ታገኛለች። አንዱ በእግሩ ጣቶች ተራምዶ ይቀበላትና ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ "እሽ! ሽምግልና ላይ ናቸው" ይላታል። በገዛ ቤቷ!

እሑድ ኦቦ ተረፋ ይባስ ብለው ቤተ ክርስቲያን ቆመው መሰከሩ። "ለዘመናት ያሠቃየኝ ወገብ፣ በእህታችን በሊሊሴ ፍራሽ ላይ ጌታ ፈወሰው!" ምእመኑ በእልልታና በሃሌ ሉያ ተናወጠ። ሊሊሴም፣ እሷ ራሷ መሬት ተኝታ ወገቧ የተቆረጠባት፣ አሜን አለች። ያለችው ግን በጥርሷ ነው።

ብርቄ ይህን ስትሰማ ተናደደች። "ተንኮል ካላወቅሽ እኔን ጠይቂኝ" ብላ ከሥጋ ቤት ዐይን የሚያጠፋ ነጭ አምፖል ተውሳ መጣች። ክፍሉ በብርሃን ነደደ። ኦቦ ተረፋ ትንሿን ትራስ ዐይናቸው ላይ ጣል አድርገው፣ "አሁን የትራሱ ጥቅም ገባኝ" አሉ። ሊሊሴና ብርቄ ከጤፉ ጆንያ አንዱን መልሰው አልጋው ሥር አስገቡ። "አሁን ቤት ቤት አለ" ብለው ሽማግሌው አመሰገኑ።

ከዚያ አኮ ሜቲ መጡ። የጊምቢ ዘመድ፣ ዐይናቸውን ሊታዩ የመጡ አሮጊት ናቸው። ሊሊሴ የት ላስተኛቸው ብላ ስትጨነቅ፣ ኦቦ ተረፋ ሳይጠየቁ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወጡ። "አዲስ እንግዳ ሲመጣ አሮጌው ቤተሰብ ነው" አሉ። "ሕግ ነው። እኔ ካላከበርኩት ማን ያከብረዋል?" ያን ሌሊት ሳሎን ጆንያ ላይ ሲገላበጡ አደሩ። አኮ ሜቲ ግን በማግስቱ፣ "ይሄ አልጋ ሰው ይውጣል" ብለው ሄዱ። ኦቦ ተረፋ አንሶላው ሳይቀዘቅዝ ተመልሰው ገቡበት። ሊሊሴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች። አየችና ፈገግ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ማንንም ሳትሰናበት ሚኒባስ ተሳፍራ ጉቴ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። አንጮቴ በላች፣ ጥቂት አወራች፣ አንዲት ዶሮና አንድ ጃንጥላ ይዛ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ቁልፏ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። የግቢዋን በር እንደ ባዕድ አንኳኳች።

ጋሩማ ከፈተ። "የት ጠፍተሽ ነው? ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከጉቴ" አለች ሊሊሴ አንገቷን ደፍታ። "መሸብኝ፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብዬ ነው። ታሳድሩኛላችሁ?"

ጋሩማ ፀሐይ የመታት መሰለው። "ሊሊሴ፣ ምን ሆነሻል?"

"ኬሱማ ነኝ" አለች። "እንግዳ።"

ኦቦ ተረፋ ጩኸቱን ሰምተው ጋቢያቸውን እየሳቡ ወጡ። ሊሊሴ ዝቅ ብላ፣ "አካም ጅርቱ፣ አባ?" አለቻቸው፤ ዶሮዋንም በሁለት እጇ አቀረበች። ሽማግሌው ዶሮዋን አዩ። ሊሊሴን አዩ። ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ዞር ብለው መጋረጃውን አዩ፤ ፊታቸው ላይ ሐዘን መጣ።

"ሚስቴ እኮ ናት!" አለ ጋሩማ። "ትናንት ማታ እዚሁ ነው ያደረችው!"

"ዝም በል" አሉት። "በር አንኳኳች፣ ከፈትክላት። ከየት መጣሽ ብለህ ጠየቅካት። ይህን የተጠየቀ ሰው ምንድን ነው?"

ጋሩማ ዶሮዋን ተቀበለ፤ ኦቦ ተረፋ ራሳቸው መለሱለት።

"እንግዳ ነው። ይልቅ ውሃ አምጣና እግሯን እጠባት።"

ጋሩማ እያጉረመረመ ሳፋ አቀረበ። በርከክ ብሎ ጫማዋን አወለቀ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የሚውል እግር ነው፤ ተረከዙ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጋሩማ ማጉረምረሙን ተወ። "ይሄ መቼ ነው የተሰነጠቀው?" አለ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሎ።

"እንግዳን በጥያቄ አያደክሙም" አሉ ኦቦ ተረፋ።

ጋሩማ ከዚያ በኋላ በየጣቶቿ መካከል ሳይቀር ቀስ ብሎ አጠበ። ሊሊሴ እንባዋ መጣ፤ ግን እንግዳ በሰው ቤት አያለቅስም ብላ ዋጠችው። ተነሥታ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቢጫውን መብራት አበራች። ትራሶቹን አንድ በአንድ ነካች። ከዚያ ተኛች። እንዴት እንደተኛች ልንገራችሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እሷም አታውቀውም።

ሳሎን ውስጥ ግን ሌላ ነበር። ዶሮዋ ጆንያው ላይ፣ ከኦቦ ተረፋ ራስጌ አደረች። ኦቦ ተረፋ አሁን ቤተሰብ ስለሆኑ ጎሕ ሲቀድ ውሃ ቀዱ፣ እንጨት ፈለጡ። ቤተ ክርስቲያን "ምስክርነት ያለው?" ሲባል ወገባቸውን ይዘው ከወንበራቸው ሳይነሡ ቀሩ። መልስ ሲገቡ ሊሊሴ ገና አልተነሣችም። ያኔ ጥርሳቸው ደህና መሆኑ፣ ኑኑ ቁምባም ቡናቸው ጠባቂ እንደሌለው ትዝ አላቸው። በዝጉ በር ላይ በሹክሹክታ መርቀው መኪና ያዙ።

ጋሩማ ሸኝቷቸው ተመለሰ። ቤቱ ጭር አለ። ትራሱን ታቅፎ መኝታ ቤቱን አንኳኳ፤ ሲፈቀድለት አንገቱን ብቻ አስገባ። ሊሊሴ ትራሶቹን ተደግፋ ተቀምጣለች።

"ሽማግሌው ሄዱ እኮ" አለ።

"በሰላም ይግቡ።"

"አሁን... ቤቱ ባዶ ነው።" መጠየቅ የፈለገው ያንኑ "መቼ ነው የሚሄዱት?" ነበር፤ ከአፉ ሊወጣ አልቻለም። ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። "የጉቴ ሰዎች አያስቡም? አይጠብቁሽም?"

"ጋሩማ፣ ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስንቱን ሰው አሳድሬያለሁ። እኔን ግን ከገባሁ ወዲህ ያስተኛኝ የለም። ገና መምጣቴ ነው።"

ጋሩማ ምንጣፉን እያየ ገባ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። ከዚያ ትራሱን በሩ አጠገብ አስቀመጠ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ጃንጥላ አነሣ።

"ወዴት ነው?" አለች ሊሊሴ።

"ጉቴ" አለ ጋሩማ። "ሳይመሽ መጥቼ አንኳኳለሁ።" በሩን ሊዘጋ ሲል ጠራችው።

"እግርህን እዚያ እንዳትታጠብ" አለችው።