ሦስተኛው ቅሬታ

"ቲማቲሙን ከሳሙናው ጋር ከተትሽው እኮ! እናትሽ ቤት እንዲህ ነበር የምትበሉት?"

"ይቅርታ መምህርት፣ አሁን እለየዋለሁ" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ ኢንሺራህ፣ ከረጢቱን መልሳ እየዘረገፈች።

መምህርት ሻሂናዝ ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እስክንድርያ ውስጥ ግን ያላረሙት ገንዘብ ተቀባይ የለም። ዛሬ የሩዙ ዋጋ መደርደሪያው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም ብለው ተከራከሩ፤ የኢንሺራህን ጥፍር ነቀፉ፤ ቀና ብላ ስታያቸው ደግሞ "ምን ታፈጭብኛለሽ?" አሏት። ኢንሺራህ ዋጥ አደረገችው። በሱፐርማርኬቱ የቅሬታ መዝገብ በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ተጽፎባታል፤ አንዱ "ፈገግ አትልም"፣ ሌላው "ትንቀራፈፋለች" ይላል። ሦስተኛ ከመጣ መሰናበቷ ነው። ባሏ ታሞ አልጋ ከያዘ ወዲህ ደግሞ ቤቱ የቆመው በእሷ ነው።

"ቆይ፣ ይሄን አይብ አውጪው" አሉ መምህርቷ ድንገት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጨው ይበዛበታል።"

ጨው እንዳለው ዛሬ አልነበረም ያወቁት። ቦርሳቸውን ሁለቴ ከፍተው ሲያዩ ኢንሺራህ አይታለች። አንጀቷን በሏት። አይቡን ወደ ጎን አደረገችው።

"ስንት ሆነ?"

"ይተዉት መምህርት፣ በእኛ ይሁን።"

አፏ ቀደማት። በዚያ ከተማ ባለታክሲውም ሥጋ ሻጩም ሒሳብ ሲጠየቅ አስቀድሞ ይህን ይላል፤ "አላህ ይጠብቅህ" ይባልና ይከፈላል፣ የምር የሚወስደው የለም። ኢንሺራህም ቀኑን ሙሉ ስትለው ነው የምትውለው። አሁን አይብ ለመለሰች ሴት ግን አይባልም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

መምህርቷ ቦርሳቸውን ጥርቅም አድርገው ዘጉ። "ለማኝ መሰልኩሽ?"

"ኧረ በአላህ! ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ..."

"አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ! መዝገቡን አምጪ!"

ከኋላ የተሰለፈ ወፍራም ሰውዬ "ለእኔ በይልኝ፣ እኔ አልቆጣም!" ብሎ ሰልፉን አሳቀው። በእሳት ላይ ጭድ ጨመረበት።

ሻሂናዝ መዝገቡን ገለጡ፣ አራቁት፣ አቀረቡት። መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። እስክሪብቶውን ወደ ኢንሺራህ ገፉት። "እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ጻፊ። አንዲት ቃል እንዳትጥዪ!"

ሰው በራሱ ላይ ሲጽፍ እጁ ይከብዳል። ብትፈልግ ምስጋና መጻፍ ትችል ነበር፤ እሳቸው እንደሆነ አያነቡትም። በሰው ዓይን ድካም መጫወት ግን ነውር መሰላት። ቃል በቃል ጻፈች።

"አንብቢልኝ።"

"'አይብ ስለመለስኩ እንደ ችግረኛ ቆጥራኝ፣ ይተዉት በእኛ ይሁን አለችኝ።'"

የመምህርቷ ቁጣ ከእሳት እንደወረደ ወተት ረገበ። ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ፦ "አይቡን ሰርዢው። ሥራ አስኪያጃችሁ የጎረቤቴ ልጅ ነው። እናቱ ትሰማለች።"

"አይቡ ከተሰረዘ እኮ መምህርት፣ የሱቁን ዕቃ በነፃ ልሰጥ ያልኩ ነው የሚመስለው። ያባርሩኛል። ሁሉንም ብንተወውስ?"

ሻሂናዝ ሰልፉን በጎን አዩ። ያን ሁሉ ጮኸው፣ ሰው እያየ ቅሬታቸውን ማንሳት አልሆነላቸውም።

"ልጄ" አሉ፣ ድምፃቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ኢንሺራህ ባሏን አሰበች። ምን ብላ እንደምትነግረውም አሰበች። ከዚያ እስክሪብቶውን አጥብቃ ያዘችና፣ ስለ አይቡና ስለ ችግረኛ የጻፈችውን አንድም ፊደል እስከማይለይ ድረስ ደጋግማ ሰረዘችው። የቀረውን፣ 'ይተዉት በእኛ ይሁን አለችኝ' የሚለውን፣ እንዳለ ተወችው፤ ከሥሩም ቅሬታ የቀረበበት ሠራተኛ ስም በሚለው ቦታ ላይ ስሟን ጻፈች።