ጠሃ ሆቴል በየት በኩል ነው?

ሑስና መሐመድዘይን የክፍል ተጠሪ የሆነችው በሌለችበት ነው። የሁለተኛ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪዎች ተጠሪያቸውን ሲመርጡ፣ እሷ ከሞጆ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ላብ በላብ ሆና ክፍል ስትገባ ሁሉም አጨበጨበላት። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አመሰገነች፤ ካመሰገነች በኋላ ደግሞ አልፈልግም ማለት አልሆነላትም። በዚህ አገር ስንቱ ሰው በዚህ መንገድ ባለሥልጣን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው።

ጂኦግራፊንም ቢሆን ፈልጋ አልገባችበትም። አካውንቲንግ ሞልታ ጂኦግራፊ ደረሳት። ከጎኗ የሚቀመጠው ዛኪር ፋርማሲ፣ ፊት የምትቀመጠው ጋዲሴ ደግሞ ሕግ ነበር የሞሉት። ክፍሉ በሙሉ ሌላ ቦታ ለመሄድ ተሳፍሮ አዳማ ላይ የተራገፈ መንገደኛ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ተማሪ የሚፈልገው መምህሩ ስላይድ የሚያነብበት፣ ተማሪው ስላይዱን የሚሸመድድበትና ሁሉም በሰላም የሚለያይበት ኮርስ ነው።

የባህል ጂኦግራፊን የሚያስተምሩት መምህር ኦሊቃ ግን ስላይድ የላቸውም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጡረታ ወጥተው በዩኒቨርሲቲው በኮንትራት የተቀጠሩ፣ አዳማ በሙቀት ስትቀቀል እንኳ ኮታቸውን የማያወልቁ፣ የደረት ኪሳቸውን በእስክሪብቶ የሞሉ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ገብተው “ሰው ቦታን እንዴት እንደሚሠራው ነው የምንማረው” አሉና ጠመኔውን አስቀመጡ። ከዚያ ክፍሉን በሙሉ አስከትለው በሰባት ሰዓት ፀሐይ ወደ መናኸሪያ ወጡ።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አላፊ አግዳሚውን “ጠሃ ሆቴል በየት በኩል ነው?” ብሎ ይጠይቃል፣ በተነገረው መንገድ ይሄዳል። ስልክ ማየት ክልክል ነው። ሊስትሮው ወደ ባቡር ጣቢያው ጠቆመ። ብርቱካን ሻጯ ተቃራኒውን ጠቆመች። አንድ ሽማግሌ ለሑስና አዝነውላት እስከ አደባባዩ ሸኟትና “ከዚህ በኋላ ዝም ብለሽ ቀጥ በይ፣ ራሱ ያገኝሻል” ብለው መርቀው ተለዩዋት። ዛኪርን ደግሞ አንድ ባለባጃጅ “የአጎቴ ልጅ እኮ እዚያ ነው የሚሠራው” ብሎ እስከ ወንጂ መውጫ ወሰደውና፣ ሆቴሉ ሳይፈርስ አይቀርም ብሎ አውርዶት ተመለሰ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምህር ኦሊቃ ጠሃ ሆቴል የሚባል ነገር አዳማ ውስጥ እንደሌለ፣ ስሙንም ራሳቸው እንደፈጠሩት ነገሯቸው። ክፍሉ አጉረመረመ። እሳቸው አልደነገጡም።

“አንድም ሰው አላውቅም አላላችሁም” አሉ። “እንግዳን ባዶውን መሸኘት ይከብደናል። ይሉኝታ ነው፣ ደግነትም ነው። ግን በይሉኝታ በተነገረው መንገድ የሄደ ሰው አይደርስም።”

ዛኪር የባጃጁን ሂሳብ ማን እንደሚመልስለት ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ የእሮሮ ገበያ ሆነ። ሰውየው በፀሐይ አቃጠሉን፣ አቧራ አስጋጡን፣ ነፋስ ሲነሳ ድምፃቸው አይሰማም፣ ፈተናቸው ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። ከተወለደች ጀምሮ ከኤ በታች አይታ የማታውቀው ጋዲሴ ስለ አዳማ ገበያ ለጻፈችው ሲ ፕላስ ተሰጠኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ከሁሉ የባሰው ግን በሑስና ላይ ደረሰ። “ከተማዬ” በሚል ርዕስ ስለ ሞጆ የጻፈችው ዜሮ ይዞ ተመለሰ። ደረቅ ወደቡን፣ ኮንቴይነሩን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ሁሉ ከኢንተርኔት አሳምራ ገልብጣ ነበር።

“ይህን የጻፈ ሰው ሞጆን አይቷት አያውቅም” አሉ መምህሩ በክፍሉ ፊት። “ደግመሽ ጻፊ። ሰፈራችን የት ያልቃል ብለሽ ቤተሰብሽን ጠይቂ።”

እዚያው ሞጆ ተወልዳ፣ በአባቷ የጭነት መኪና ጡሩምባ እየነቃች ላደገች ልጅ ይህ የሚዋጥ አልነበረም። ሑስና ደሟ ፈልቶ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ዶክተር ዘርፉ ቢሮ ሄደች። ዶክተር ዘርፉ ወደ አዳማ ከመጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። ሑስና ክፍሉ በሙሉ በመምህሩ መማረሩን አንድ በአንድ ስትዘረዝር አዳመጡና አመሰገኗት። የመምህሩ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ እንደሚያልቅ፣ በሚመጣው ዓርብ ተማሪውም መምህሩም ባሉበት ግምገማ እንደሚደረግ፣ ቅሬታው እውነት ከሆነ ኮንትራቱ እንደማይታደስ ነገሯት።

ሑስና ይህን ሰምታ ከቢሮው ወጣች። እሷ የፈለገችው ሰውየው ትንሽ እንዲቆነጠጡ ነው እንጂ ከእንጀራቸው እንዲነሱ አልነበረም።

በዚያው ቅዳሜ ሞጆ ሄዳ፣ ምሳ ላይ፣ እንደ ዋዛ “ለመሆኑ ሰፈራችን የት ያልቃል? አስተማሪያችን ጠይቂ ብለውኝ ነው” ብላ ጠየቀች። አባቷ ሳያመነቱ እስከ ሐዲዱ ነው አሉ። እናቷ ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡና፣ የዲንቄ ሱቅ ጋ ያበቃል አሉ። አባቷ ከሱቁ እስከ ሐዲዱ ያለውን ቤት ሁሉ ማን ሊወስደው ነው ብለው ሳቁ፤ ከሱቁ አለፍ ብሎ ያለው የሰሊማ ቤት የእድራችን አይደለም ወይ ሲሉም ጨመሩ። እናቷ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ለሠርግ የተዋሰችውን ትልቁን ድስቴን ሳትመልስ ምን ሰፈር አላት” አሉ።

ለካ ሰፈሩ የዛሬ ስንት ዓመት በድስት ምክንያት ጠቦ ኖሯል። ክርክሩ ጦፈ። ስኳር ልታደርስ ብቅ ያለችው ዲንቄም ገብታበት፣ ሰፈሩ ከእሷ ሱቅ ይጀምራል እንጂ አያልቅም ብላ ተከራከረች። ሑስና እየሳቀች ትሰማ ነበር፤ መሀል ላይ ግን ሳቋ ቆመ። እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ የእትዬ ሰሊማ በር ጋ ስትደርስ መንገድ ትሻገራለች። ለምን እንደምትሻገር አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። የእናቷን ኩርፊያ በእግሯ ስትራመድበት ኖራለች። ይህን ስታስብ አፈረች፣ ገረማትም።

እንደነበረው ጻፈችው። ረቡዕ ዕለት ወረቀቱ ቢ ማይነስ ይዞ ተመለሰ፤ ከታች በቀይ “አሁን ሞጆ ደረስሽ” የሚል ተጽፎበታል። ሑስና ደጋግማ አነበበችው። በሕይወቷ እንደዚያ ቢ ማይነስ ያስደሰታት ውጤት የለም። ቀጥሎ የዓርቡ ግምገማ ትዝ አላትና ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ክፍሉን ሰብስባ የኮንትራቱን ነገር ነገረቻቸው። ማን ሄዶ እንደከሰሰ ግን አልነገረቻቸውም። ተማሪው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በቴሌግራሙ ላይ ከማንም በላይ የተራገመው ዛኪር “እኛ እኮ ተማረርን እንጂ ይባረሩልን አላልንም” አለ። ሁሉም እንዲያመሰግን፣ አንድም ክፉ ቃል እንዳይወጣ ተስማሙና ተለያዩ። የሑስና ልብ ትንሽ ተረጋጋ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አዳራሹ ሞላ። መምህር ኦሊቃ ኮታቸውን ቆልፈው ከፊት ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ዶክተር ዘርፉ ሁሉም በነፃነት እንዲናገር ጋበዙ። ጋዲሴ ተነሳችና መምህሩ እንደ ሻማ ቀልጠው ለሌላው የሚያበሩ ሰው ናቸው አለች። ዛኪር አባት ናቸው፣ እንዲያውም ከአባት ይበልጣሉ አለ፤ አባቱ ይህን ባይሰሙ ይሻላል። አንዱ መምህሩን ማየት ብቻ ትምህርት ነው አለ። ሌላዋ በፀሐይ መውጣቱ ለጤና እንደጠቀማት መሰከረች። ምስጋናው እንደ ለቅሶ ቤት ንግግር እየተቀባበለ ሄደ፤ የሚናገረው ሁሉ ከፊተኛው ላለማነስ አንድ እርከን ይጨምራል። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ልጅ ተነስቶ፣ የቀረ ውዳሴ ቢያጣ ጊዜ፣ ፈተናቸውም በጣም ቀላል ነው፣ ለሁላችንም ጥሩ ጥሩ ውጤት ነው የሰጡን አለና ተቀመጠ።

የዶክተር ዘርፉ እስክሪብቶ ቆመ።

“ባለፈው ሳምንት ተጠሪያችሁ ቢሮዬ መጥታ ክፍሉ በሙሉ ተማሯል ብላኛለች” አሉ። “ዛሬ ደግሞ መልአክ ሆነዋል። እንከን የሌለበት መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለ ውጤት ምን ቃል ተገብቶላችሁ ነው?”

የክፍሉ ሁሉ አንገት ወደ ሑስና ዞረ። እሷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሊያድኗቸው የተነሱት ሰውዬ አሁን በኮንትራት ማጣት ብቻ ሳይሆን በስም መጥፋትም ሊሄዱ ነው።

መምህር ኦሊቃ ቀስ ብለው ተነሱ። ስለ ክሱ አንድም ቃል አልተናገሩም።

“እኔ ቀላል ፈተና አውጥቼ አላውቅም” አሉ። “ሲናገሩ ስሰማ ነበር። ስለማን እንደሚያወሩ አላውቅም። በዚህ መንገድ የመጣ ሰው እኔ ጋ አይደርስም።”

ተቀመጡ። ሑስና ያኔ ነገሩ በራላት። ጠሃ ሆቴል ማለት ይኸው ነው። እዚህ የተሰበሰበው ተማሪ ሁሉ በደግነት ተነሳስቶ ዶክተር ዘርፉን ወደሌለ ቦታ እየመራቸው ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች።

“ዶክተር፣ የከሰስኳቸው እኔ ነኝ” አለች። “ዜሮ ስለሰጡኝ ተናድጄ ነው፤ ያልኩት ግን ውሸት አይደለም። በሰባት ሰዓት ፀሐይ ያስወጡናል። የሌለ ሆቴል አስፈልገውን ዛኪርን ወንጂ መውጫ ላይ አስጥለውታል። ነፋስ ሲነሳ ድምፃቸው ከኋላ አይሰማም። ፈተናቸው ያስለቅሳል። በሰው ፊት ያሳፍራሉ፤ እኔን አሳፍረውኛል። ዜሮውም ይገባኝ ነበር፣ ምክንያቱም የተወለድኩበትን ሰፈር ከስልክ ላይ ገልብጬ ነው ያመጣሁት። አሁን ሰፈሬ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ሌላ ኮርስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላወቅሁም።”

ትንፋሿ አልቆ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የሆነው ግድብ እንደ መልቀቅ ነበር። ዛኪር ተነስቶ የባጃጁን ነገር ከነሹፌሩ አጎት ልጅ ተረከ፤ መምህሩ ውኃውን ሳያስፈቅዱ እንደሚጠጡበትም ጨመረ። አንዷ ጫማዋ መናኸሪያው ጭቃ ውስጥ እንደቀረ ተናገረች። ጋዲሴ እንባዋ እየመጣ፣ በየቀኑ የምታልፍበትን ገበያ ገብታ ሳታይ ጽፋ ሲ ፕላስ እንዳገኘች፣ እንደገና እንዲያርሙላት ብትለምንም እንዳልሰሟት ተናገረች።

“ሲ ፕላስ አይደለም” አሉ መምህር ኦሊቃ ከተቀመጡበት። “ሲ ነው።”

ጋዲሴ አንገቷን ደፋች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶክተር ዘርፉ ግን አልሳቁም፤ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው ጥቂት አሰቡ።

“የሆቴሉ ስም ማን ነበር ያላችሁት?” አሉ።

“ጠሃ ሆቴል” አለች ሑስና።

ዶክተር ዘርፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ቀላ። “አምና፣ እዚህ ከተማ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ መንገድ ላይ አስቁሞ ጠይቆኝ ነበር። ከባንኩ አለፍ ብለህ በስተግራ ነው አልኩት።”

መምህር ኦሊቃ ከደረት ኪሳቸው አንድ እስክሪብቶ መዘዙና ወደፊት አዘነበሉ።

“የትኛው ባንክ?” አሉ በቁም ነገር።

ዶክተር ዘርፉ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ኮንትራቱ ለአንድ ዓመት ታደሰ። ለድምፁ ማይክራፎን ይፈለግ ተባለ።

ኮሪደሩ ላይ መምህር ኦሊቃ ሑስናን አስቆሟት። ምስጋና ይሆናል ብላ ጠበቀች። ከኋላ እየተቀመጠች አይሰማኝም ማለት እንደማይገባ፣ ከሰኞ ጀምሮ ፊት እንድትቀመጥ ነገሯት።

“ቢ ማይነሱም አይለወጥም” አሉ።

“እንዲለወጥ አልጠየቅኩም፣ መምህር” አለች። አዩዋትና ፈገግ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ሞጆ ስትደርስ፣ ሑስና የዲንቄን ሱቅ አልፋ መንገዱን ሳትሻገር ቀጥ ብላ ሄደች። የእትዬ ሰሊማን በር አንኳኳች። ሴትዮዋ ደንግጠው ሲከፍቱላት ሑስና ምን ብላ እንደምትጀምር ጨነቃት፤ በመጨረሻ እንደመጣላት ተናገረችው።

“የእናቴን ድስት ልወስድ ነው የመጣሁት፣ እትዬ” አለች።

ሰሊማ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ድስቱ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከበሩ ኋላ ነበር። ሠርጉ ሲያልፍ ወዲያው ሳይመልሱት ቀርተው፣ ከዚያ ዘገየ ብለው አፍረው፣ ካፈሩ በኋላ ደግሞ በየትኛው ፊታቸው ይዘውት እንደሚመጡ ጠፍቷቸው ኖሯል። ይህን ሲናገሩ አለቀሱ። ከዚያ የድስቱን አንድ ጆሮ እሳቸው፣ አንዱን ሑስና ይዘው አብረው መጡ።

እናቷ በሩ ላይ ቆመው ሁለቱን አዩ፣ ድስቱን አዩ። ከዚያ ሰሊማን ግቢ ብለው ወደ ውስጥ አሳለፉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ለዚያ አስተማሪሽ ንገሪው” አሉ። “ሰፈራችን ድሮም እስከ ሐዲዱ ነው።”