ሲቀነስ አራት ተኩል

እኔ ያልፈታሁት ካሜራ ገና አልተሠራም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ለመረጃ ያህል ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የፈታሁት ብሎን ቢሰበሰብ አንድ ባቡር ይሠራል፣ ከነፉርጎው። ዓይኔን ደግሞ ተዉት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ ያለ መነጽር፣ በአንድ ሙከራ ክሩን መርፌ ውስጥ እከታለሁ። እኩዮቼ ጋዜጣ ሲያነቡ እጃቸው አጥሯቸው ማዶ ላለ ሰው ሊያስይዙ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለችውን ጽሑፍ፣ አምራቹ ራሱ ማንም እንዳያነባት ብሎ ያሳነሳትን፣ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የማነባት።

ይህን ሁሉ ሲቀነስ አያምንም። ሲቀነስ ከሱቄ ቀጥሎ ያለው መነጽር ሠሪ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ደንበኞቹን ሁሉ «ሲቀነስ ሁለት»፣ «ሲቀነስ ሦስት» እያለ በቁጥራቸው ይጠራል። ሁለተኛ፣ ሰውዬው ራሱ ተቀናንሶ ያለቀ ነው፤ በጎኑ ከቆመ ሱቁ ባዶ ይመስላል። ከአሥር ዓመት በፊት በምስክር ፊት ተወራርደናል። እኔ መነጽር ያደረግሁ ቀን ሪዜ ይላጫል። ሪዜን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ በር ስከፍት መጀመሪያ የሚገባው እሱ ነው፤ እኔ እከተላለሁ።

በአካባቢው ያለኝን ክብር ለማወቅ ጠዋት ሱቄን ስከፍት መምጣት ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ግዙፍ ሰው ይቆማል። ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ አቋሙ ግን የትልቅ ባለሥልጣን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እጅ እነሣዋለሁ። እሱም ራሱን ዝቅ ያደርግልኛል፤ ትልቅ ሰው ዝቅ የሚያደርገውን ያህል፣ ማለትም በጣም በጥቂቱ። ይህን ለባለቤቴ ባወራሁ ቁጥር ሳል ይይዛታል። ደረቷ ደካማ ነው።

የሱቁን መቀበያ የምትይዘው ባለቤቴ ነች። ስልክ ካሜራን ከዋጠው ወዲህ መቀበያው ላይ የምትቀበለው ሰው ስላጣች፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካልመጣ ሱቁን የስልክ ሽፋን መሸጫ እንደምታደርገው ቁርጡን ነግራኝ ነበር። ናሙናም አምጥታለች። ሮዝ ነው፤ ሁለት የጥንቸል ጆሮ አለው። እኔን፣ የሌንስ ንጉሥ የተባልኩትን ሰው፣ የጥንቸል ጆሮ ሻጭ!

አንዲት ተመራማሪ ዶክተር የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ምን ላይ እንደምትሠራ ስጠይቃት «ጉጉት ላይ» አለችኝ። ጉጉትማ ቤቴ ሞልቷል፣ ባለቤቴ የጎረቤት ወሬ ለመስማት ያላት ጉጉት ብቻውን ለጥናት ይበቃል ብዬ ልጀምር ስል ወፏን ማለቷ እንደሆነ ገባኝና አፌን ያዝኩ። ከቦርሳዋ ቡጢ የሚያካክሉ ሦስት ጥቋቁር ዕቃዎች አውጥታ ደረደረች። ባለ አንድ ዓይን የሌሊት መነጽር ናቸው። በዚህ በኩል ዓይን ይገባል፣ በዚያ በኩል ጨለማ ይገባል፣ መሃሉ ላይ ጨለማው ወደ አረንጓዴ ብርሃን ይለወጣል።

ችግሯን አስረዳችኝ። ስድስት ጡረታ የወጡ መምህራን በአንድ አሮጌ የዱቄት ወፍጮ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ጉጉቶችን ይቆጥሩላታል። መነጽሩን ሲቀባበሉ አንዱ ቀለበቱን ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ያዞረዋል፤ ዞሮ ሲመለስ ምንም አይታይበትም። ተጠርጎ፣ ተስተካክሎ፣ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እነዚህ ሦስቱ ካማሩ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሌሎች አሥራ ሁለት አሉ፤ በየዓመቱ ወደኔ ይመጣሉ። ባለቤቴ የጥንቸሉን ጆሮ በቀስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ስለ ሌሊት መነጽር የማውቀውን ብጀምረው ሌሊቱ ራሱ ያልቃል አልኳት። እውነቱን ለመናገር፣ በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። እጄ ግን ያውቃል።

ድሮ ፊልም ወደማጥብበት ጨለማ ክፍል ይዣቸው ገባሁ። ቀኑ እኩለ ቀን ነው፤ እዚያ ክፍል ግን በሩን ከዘጉት ቀን የሚባል ነገር የለም። ዕቃው ሁለት ቀለበት አለው። የፊተኛው ለርቀት ነው፤ የሚታየው ነገር ቀረበም ራቀም በእሱ ይስተካከላል። የኋለኛው፣ ዓይን የሚደገፍበት፣ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከሲደመር ሁለት እስከ ሲቀነስ ስድስት። ሁለቱንም አዞርኩ፣ መለስኩ፣ እንደገና አዞርኩ። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የተቀመጠች ዝንብ እግር ላይ ያለውን ፀጉር ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት። ከዚያ ብሎን እንዳይላላ እንደምናደርገው ሁሉ፣ የሦስቱንም የዓይን ቀለበት በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጌ አሰርኩት። ባለቤቴ ጠርሙሱን ፈልጋ ስታጣ፣ እኔ ደግሞ አላየሁም ስላት፣ ዓይኔን በጨው የታጠብኩ መሆኔን ተናገረች። አሁን ሳስበው የነገሩ ሁሉ ፍንጭ እዚያው ዓይኔ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ዶክተሯ ተመለሰች። ቦርሳውን የተሸከመው ሾፌሯ ነው፤ የብርጭቆ ቂጥ የሚያህል ወፍራም መነጽር ያደረገ ፈገግተኛ ሰው። ምርቃት እየጠበቅሁ ሪዜን አሰማመርኩ።

መምህራኑ ያዩት ጉም ብቻ ነው አለች። ሁለቱን ራስ ምታት አሟቸዋል። የሒሳቡ መምህር የጉጉቶቹ ብዛት «ከዜሮ አያንስም» ብሎ ጽፎ አስረክቧል። የሚገርመው ሾፌሩ ነው፤ የራሱን መነጽር አውልቆ ቢያይበት የወፎቹን ላባ አንድ በአንድ እያየ አልመልስም ብሎ አስቸግሯታል። እኔ ላይ ክፉ ነገር አልተናገረችም። ምናልባት የፋብሪካ ጉድለት ነውና ሁሉንም፣ አሥራ ሁለቱንም ጨምራ፣ ወደ ፋብሪካው ልትልካቸው ነው።

መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። ቀና ስል የጥንቸሉ ጆሮ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል።

«ከመላክዎ በፊት ወደ ውስጥ ይግቡ» አልኳት።

ጨለማው ክፍል ውስጥ አምስት ሰው ታጨቅን። እኔ፣ ዶክተሯ፣ ባለቤቴ፣ ሾፌሩና ማንም ያልጠራው ሲቀነስ። ሲቀነስ ሰው የሚመረምርበትን የፊደል ሰሌዳ ተሸክሞ መጥቶ ነበር፤ ለእርዳታ ነው ይበል እንጂ ከሠርግ የበለጠ ደስ ብሎታል። ሰሌዳውን ስድስት እርምጃ ርቀት ላይ ሰቀልነው፣ በሩን ዘጋን፣ መብራት አጠፋን።

መጀመሪያ እኔ አየሁ። የመጨረሻዋን ረድፍ፣ ከጤፍ የምታንሰውን፣ እንደ ውሃ አነበብኩላቸው። ለዶክተሯ ሰጠኋት። ጉም። የፊቱን ቀለበት አዞረች፤ ያው ጉም። ሲቀነስ አየ፤ ምናልባት እዚያ ሰሌዳ ይኖር ይሆናል አለ። ባለቤቴ ሳሙና የተቀባ መስኮት ነው አለች። ሾፌሩ መነጽሩን አውልቆ ተቀበለና የመጨረሻዋን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አነበበልን።

ሦስቱም ዓይናቸው ታሟል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ሠላሳ ዓመት አይሆንም። ዶክተሯን ፊደሉን እንድትተወው ነገርኳት። በአረንጓዴው ላይ እንደ አሸዋ የሚርመሰመስ ብናኝ አለ፤ እሱ አንድ በአንድ ተለይቶ ይታያት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የለም» አለች። «እሱም ጭጋግ ነው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ያ ብናኝ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ እዚያው ዕቃው ውስጥ ነው የሚወለደው። ርቀት የለውም፣ የፊቱ ቀለበት አይነካውም። ብናኙ ከደበዘዘ ጥፋቱ የዓይኑ ቀለበት ነው። ያ ቀለበት ደግሞ የተሠራው ለዕቃው ሳይሆን ለተመልካቹ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ዓይን ልክ እንዲያዞረው። እኔ በአንድ ሰው ዓይን ልክ አስሬ በቀይ ቀለም አትሜዋለሁ። ከአምስት ሰው የሚስማማው ለሁለት ብቻ ነው፤ የብርጭቆ ቂጥ ለሚያደርገው ሾፌርና ለኔ።

ፈጣሪ ጨለማን ለምን እንደሠራ የገባኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ፊቴን ማንም አላየውም።

«እንግዲህ የፋብሪካው ነዋ ወንድሜ» አለች ዶክተሯ።

እንዴት ያለች ዓረፍተ ነገር ናት! ጨለማው ውስጥ እንደ ስጦታ አስቀመጠችልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ሪዜ በቦታው ይኖራል፣ የንስር ዓይኔ ስሙ እንደተጠበቀ ይቆያል፣ ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ አይሰማም። አሥራ ሁለቱ ዕቃዎች ግን ይሄዳሉ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ጥንቸሎች ይደረደራሉ። አጠገቤ ባለቤቴ ስትተነፍስ ይሰማኛል። አላሳላትም።

«ፋብሪካው አይደለም፣ ዶክተር» አልኩ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። በኔ ዓይን ልክ ነው ያሰርኩት።»

ከዚያ ሲቀነስ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ምልክቱ ስንት ቁጥር ላይ እንደቆመ ጠየቀ። ባለቤቴ ስልኳን ልታበራ ስትል መጀመሪያ ክዳኑ ይገጠም ብዬ አስቆምኳት፤ ክዳኑ ሳይኖር ብርሃን ካየ ይጎዳል። ሰው እየሞተም ቢሆን ሙያውን አይረሳም። ክዳኑን ገጠምኩ፣ ስልኩ በራ፣ ባለቤቴ ቀለበቱን አስጠግታ አነበበች።

«ሲቀነስ አራት ተኩል።»

«አቤት» አለ ሲቀነስ። ስሙ የተጠራ መስሎት ይሁን፣ አዝኖልኝ ይሁን እስካሁን አላውቅም።

እኔ መርፌውንስ አልኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ያለ መነጽር ክር የማስገባውንስ?

«እሱ ነው እኮ ምልክቱ» አለ። «አሥር ዓመት ነገርኩህ አንተ ሰው። ቅርብህን እንደ ማይክሮስኮፕ ታያለህ፤ ከዚህ በር ወዲያ ግን ዓለም መኖሩን የሰማኸው በወሬ ነው።»

ዶክተሯ ሳቀች። ሾፌሩ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ ወጥታ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋን ይዛ ተመለሰችና ያለ አንድ ቃል እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሠላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል አልሰማሁም።

ቀለበቶቹን ፈታኋቸው። ከዚያ መብራቱን አጥፍተን፣ ክዳኑን አንሥተን አንድ በአንድ አስተማርኳቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሆን ጭብጨባ ያስገኝ ነበር። መጀመሪያ ፊደሉን እርሱት። ብናኙን ብቻ እያዩ የዓይኑን ቀለበት ያዙሩ፤ አሸዋው ፍሬ በፍሬ ሲለይ ያቁሙ። ከዚያ በኋላ ያን ቀለበት አይንኩ፤ ለሩቁም ለቅርቡም የፊቱን ብቻ። ዶክተሯ ዜሮ አጠገብ ቆመች፣ ባለቤቴ ሲደመር አንድ ላይ። ሲቀነስ የራሱን ካስተካከለ በኋላ ዕቃውን ወደኔ አዙሮ ረጅም ጊዜ አየኝና ሪዜ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ለሁሉም አበሰረ።

ግን ስድስት መምህራን ናቸው፣ ይቀባበላሉ አለች ዶክተሯ፤ እያንዳንዱ ብናኝ ሲያጣራ ጉጉቷ ትበራለች። እዚህ ላይ ነው እኔ እኔ የሆንኩት። ባለቤቴን የጥፍር ቀለሞቿን ሁሉ እንድታመጣ ለመንኳት። ዘጠኝ ዓይነት አላት። መምህራኑ አንድ ጊዜ ይምጡ፤ የእያንዳንዳቸውን ዓይን ልክ አግኝቼ ቀለበቱ ላይ የየራሳቸውን ቀለም ነጥብ አደርጋለሁ። ቀዩ ለጂኦግራፊው፣ ወይን ጠጁ ለታሪኩ፣ ሮዙ ለሒሳቡ። ዕቃውን የተቀበለ ሰው ቀለሙን ዕቃው ላይ ካለው መስመር ጋር ያገጥማል፣ አለቀ። መታሰር የነበረበት ቀለበቱ ሳይሆን የኔ አፍ ነበር።

ዶክተሯ ነጥቦቹን ባዶ ወረቀት ላይ ስላ አየቻቸው። «አሥራ ሁለቱ ሐሙስ ይመጣሉ» አለች። «እስከ ሐሙስ እርስዎም መነጽር ያሠሩ።»

ማግስቱን ሲቀነስ ሱቅ ውስጥ፣ አራት መቶ ሰው በተሰበሰበበት፣ ባለቤቴ ስድስት ናቸው ትላለች፣ ሪዜ ተላጨ። ሲቀነስ ራሱ ነው የያዘው ምላጩን፤ እየሳቀ። ጨርሶ መነጽሩን አፍንጫዬ ላይ አስቀመጠልኝና ትከሻዬን ይዞ በር ላይ አቆመኝ።

ዛፍ ላይ ያለው ነገር ቅጠል እንጂ አረንጓዴ ጥጥ አይደለም ለካ። ወደ ፎቁ ቀና አልኩ፤ ባለሥልጣኑን በአዲስ ዓይኔ ላየው። መስኮቱ የልብስ ሰፊ መስኮት ነው። ጥቁሩ ሙሉ ልብስ እንጨት እግር ላይ ቆሟል። አሥራ አንድ ዓመት ራሱን ዝቅ ሲያደርግልኝ የኖረው ሰውዬ፣ ራስ የለውም።

ከኋላዬ ባለቤቴን ሳሉ ያዛት። በግድግዳ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ አሳላት።

ዛሬም ጠዋት ሱቄን ስከፍት እጅ ነሣሁት። አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ሰላምታ በድንገት አይቋረጥም። ደግሞም በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ሁሉ የተላጨ ፊቴን አይቶ ያልሳቀ እሱ ብቻ ነው።